የብርብራው ዱቄትና የኡርክ መርከብ

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያለውን ቡና የሚያይ ሰው፣ ከቡናው በላይ የቆመውን ዛፍ ብዙ ጊዜ አያስተውለውም። ዋንዛ አለ፣ ሰሳ አለ፣ ብርብራም አለ። ቡና ጥላ ይወዳልና ገበሬው እነዚህን ዛፎች አይነካቸውም። ብርብራን ከሌሎቹ የሚለየው በበጋ፣ እንደ ባቄላ ያለው የፍሬው ሽፋን ደርቆ ሲፈነዳ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ጧ! ይላል፤ ፍሬው ቡናው ሥር ይበተናል። እኛ ልጆች ሳለን ያንን ድምፅ ስንሰማ ሐሳባችን ወደ ቡናው ሳይሆን ወደ ወንዙ ነበር የሚሮጠው።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። አጎቴ ፍሬውን ለቃቅመው ለዚሁ ሥራ ብቻ በተለየ ሙቀጫ ያስወቅጡታል። ያ ሙቀጫ ቡናም ጨውም አይነካውም። ዱቄቱ በጆንያ ተይዞ፣ ወንዙ በበጋ ጠቦ ኩሬ ወደሚሠራበት ቦታ ይወሰዳል። በውሃ ተለውሶ ሲጨመር እንደ ሳሙና ነጭ አረፋ ያወጣል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ብዙም አይቆይ፣ መጀመሪያ ትንንሾቹ፣ ቀጥሎ ትልልቆቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ማለክለክ ይጀምራሉ። የኔ ሥራ በቅርጫት መልቀም ነበር። የክንድ ያህሉን እናወጣለን፤ የጣት ያህሉ ሆዱን ወደ ሰማይ አዙሮ እንደተንሳፈፈ ይቀራል። ያኔ ማንም አላዘነም፤ እኔም አላዘንኩም። ዓሣ በላን፣ ጠገብን፣ ተኛን።

ይህ ጽሑፍ ከዚያች ኩሬ ተነሥቶ ትንሽ ራቅ ብሎ ይሄዳል፤ ታገሡኝ። ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው፤ የኛን ስጠቅስ ዓ.ም. ብዬ እለያለሁ።

ብርብራ በሳይንሱ ስም ሚሌቲያ ፌሩጊኒያ ይባላል። ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮው የማይበቅል የኛው ዛፍ ነው። በፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የሚባለው ቅመምና የሱ ዘመዶች ይገኛሉ። ሮቴኖንን በ1902 ከሌላ ተክል ሥር ለይቶ ስም ያወጣለት ናጋዪ ናጋዮሺ የተባለ የጃፓን ኬሚስት ነው፤ ስሙንም የወሰደው ያ ተክል በታይዋን ከሚጠራበት «ሮተን» ከሚል ቃል ነው። ቅመሙ በስንጥቡ በኩል ወደ ዓሣው ደም ይገባና ሕዋሳቱ አየሩን ወደ ጉልበት እንዳይለውጡ ያግዳቸዋል። እንግዲህ ዓሣው በውሃው ውስጥ አየር ሞልቶ ሳለ ታፍኖ ይሞታል ማለት ነው። የአማዞን ደን ሕዝቦች ቲምቦ በሚሉት ሐረግ፣ የደቡብ ምሥራቅ እስያዎቹ በዴሪስ ሥር ይኸንኑ ሲሠሩ ኖረዋል። የአሜሪካ የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤቶች ሳይቀሩ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ያልፈለጉትን ዓሣ ከሐይቅ ለማጥፋት ሮቴኖን ተጠቅመዋል። ስለዚህ «ኋላ ቀር» ብሎ አጎቴ ላይ የሚስቅ ሰው ቢኖር ቀስ ይበል። ዕውቀት ነው። የዛፉን ባሕርይ፣ የወንዙን ወቅት፣ የዱቄቱን ልክ ማወቅ ይጠይቃል።

አንድ ቀን ማታ መኝታ ክፍላችን ውስጥ ይህን ሳወራ፣ እርሻ የሚማር ጓደኛዬ አቋረጠኝ። «መፍትሔው እኮ ቀላል ነው፤ ዘመናዊ መረብና ባለሞተር ጀልባ ስጣቸው፣ ብርብራውን ይተውታል» አለ። ሌላው ደግሞ ጋዜጣ ያነባልና «ሞተሩም ቢሆን ነዳጅ የሚቆጥብ፣ አካባቢን የማይበክል መሆን አለበት» ሲል ጨመረ። ሁለቱም ደግ ልጆች ናቸው። እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የአጎቴ ብርብራ እኮ አንዲት ጠብታ ነዳጅ አይጠጣም! ጭስ የለውም፣ ከውጭ አይገዛም፣ ዛፉም ቡናውን ያጠላል። በነዳጅ ቁጠባ ብቻ ከሄድን ከብርብራ የሚበልጥ ማጥመጃ በዓለም ላይ የለም። እንዲህም ሆኖ ኩሬዋን ባዶ አስቀርቷታል። ታዲያ መለኪያው ምንድን ነው?

ይህን ለመመርመር ከኛ ምዕራብ ወንዞች ወጥቶ ዓሣ በኪሎ ተመዝኖ፣ ዓመት ከዓመት ተቆጥሮ ወደተጻፈበት ወደ ጣና መሄድ ግድ ሆነብኝ።

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን፣ ጥልቀቱ ግን አማካዩ 8 ሜትር ያህል ብቻ የሆነ ሐይቅ ነው። ለዘመናት አጥማጁ በደንገል ታንኳ ነበር የሚወጣው። ታንኳ ውሃ እየጠጣች ስለምትከብድ ከዳር ብዙ አትርቅም፤ ማዕበልም ትፈራለች። እንግዲህ የሐይቁ መካከል ማንም ሳይከለክለው፣ አዋጅም ሳይወጣለት የዓሣው መሸሸጊያ ሆኖ ኖረ። አጠባባቂው የታንኳዋ ድካም ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም።

በ1986 ይህ ተለወጠ። በመንግሥቱ የዓሣ ሀብት ክፍልና በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አማካይነት፣ ከሆላንድ ሁለት የእርዳታ ድርጅቶች ጋር፣ የጣና የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም ተጀመረ። ባለሞተር ጀልባና የናይለን መረብ መጣ። ከሁለቱ ድርጅቶች አንዱ ኡርክ በምትባል የሆላንድ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ማኅበር ነው፤ ኡርክን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ። ጊዜው ከታላቁ ረሃብ ማግሥት መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ሐሳቡ ቀና ነበር፤ ውሃው ውስጥ ምግብ አለ፣ ሕዝቡ ይራባል፣ አጥማጁ መሣሪያ የለውም። እኔ በዚያ ጊዜ ሥልጣን ቢኖረኝ ፈራሚው እኔ ነበርኩ።

ፍሬውም ታየ። በ1987 የዚህ አዲስ ማጥመድ ዓመታዊ ምርት 39 ቶን ነበር፤ በ1997 ወደ 360 ቶን ደረሰ። በ10 ዓመት ዘጠኝ እጥፍ! በሪፖርት ላይ እንዲህ ያለ መስመር ያየ ሰው ያጨበጭባል።

ሐይቁ ግን ሌላ ሒሳብ ይዞ ነበር። በጣና ውስጥ ላቢዮባርበስ የሚባሉ ዓሦች አሉ። እዚያው ሐይቁ ውስጥ ከአንድ ዘር ተከፋፍለው፣ አንዱ ዓሣ በል፣ አንዱ ቀንድ አውጣ በል፣ አንዱ ከጭቃ ለቃሚ ሆነው በአፍና በራስ ቅርጽ የተለያዩ፣ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች ናቸው። የዚህ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ስብስብ በዓለም የሚታወቀው በሁለት ቦታ ነበር፤ አንዱ በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ፣ ሁለተኛው ጣና። የላናኦው ከመጠን ባለፈ ማጥመድና ከውጭ በገቡ ዓሦች ምክንያት ጠፋ። የቀረው የኛው ነው።

እነዚህ ዓሦች አንድ ድክመት አለባቸው። ብዙዎቹ ዝርያዎች እንቁላል ለመጣል በክረምት፣ በተለይ ከነሐሴ እስከ መስከረም፣ ተሰብስበው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይን ወደመሳሰሉት ወንዞች ይወጣሉ። ዓመቱን ሙሉ በሰፊው ሐይቅ ተበትኖ የነበረው ዓሣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በአንድ በር ያልፋል። ባለሞተሩ አጥማጅ ይህን አወቀ፤ ለምን አያውቅ? መረቡን በወንዙ አፍ ዘረጋ። የነዳጁ ወጪ አነሰ፣ ዓሣው በዛ። ልብ በሉ፤ በሊትር ነዳጅ የተያዘ ዓሣ ቢቆጠር፣ በወንዝ አፍ ላይ ማጥመድ ከሁሉ የተሻለ «ቆጣቢ» ዘዴ ነው። አጥፊውም እሱ ነው።

ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ በደቡባዊው የሐይቁ ክፍል በሙከራ መረብ የተደረገው ቆጠራ፣ የላቢዮባርበስ ክብደት ከመቶ 75 እጅ፣ ቁጥሩ ከመቶ 80 እጅ መቀነሱን አሳየ። ገና ያልደረሱት ደግሞ ከመቶ 90 እጅ ጠፉ። ጥጃው ካለቀ በረቱ እንዴት እንደሚሆን ለገበሬ ልጅ አይነገርም።

አሁን የሚገርመውን ስሙ። በእነዚያው ወንዞች ላይ፣ በዚያው በክረምቱ ጉዞ ወቅት፣ የወንዝ ዳር ሰዎች የሚጨምሩት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ብርብራ ነው። ተመራማሪዎች በጉማራ ላይ አጥንተውታል። ሰሜንና ደቡብ ምዕራብ በዚህ አንድ ነን። ከታች የናይለኑ መረብ፣ ከላይ የዛፉ ዱቄት፤ አንዱ ከውጭ በእርዳታ የመጣ፣ አንዱ ከጥንት የቆየ፣ ሁለቱ በአንዲት እንቁላል ያዘለች ዓሣ ላይ ተገናኙ። እንግዲህ «ዘመናዊው ይምጣ፣ ነባሩ ይተዋል» ያለው ጓደኛዬ በጣና ሁለቱንም በአንድ ወንዝ ያገኛቸዋል።

ወደ ኡርክ ልመለስ። የነዳጁ ነገር ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነው።

ኡርክ ቀድሞ ደሴት ነበረች። ሕዝቧ ዞይደርዜ በሚባል የባሕር ወሽመጥ እያጠመደ ይኖር ነበር። በ1932 የሆላንድ መንግሥት ጎርፍ ለመከላከልና መሬት ለማውጣት ወሽመጡን በግድብ ዘጋው። ጨው ውሃው ጣፋጭ ሐይቅ ሆነ፤ የባሕሩ ዓሣ ቀረ። በ1939 ደግሞ ግድብ ተሠርቶ ደሴቲቱ ከየብስ ጋር ተያያዘች። ባሕሩ የተወሰደበት ሕዝብ ግን ገበሬ አልሆነም፤ መርከቡን ትልቅ አድርጎ ወደ ሰሜን ባሕር ወጣ። በተለይ ከ1960ዎቹ ወዲህ በሚጎተት መረብ የታወቁ ሆኑ። ይህ መረብ አፉ በብረት ዘንግ የተከፈተ፣ ከፊቱ ከባድ ሰንሰለት የሚጎተትለት ነው። ሰንሰለቱ የባሕሩን ወለል እያረሰ፣ በአሸዋ ውስጥ የተሸሸገውን ጠፍጣፋ ዓሣ ያስነሣዋል፤ መረቡ ይቀበለዋል። እንደ ሞፈር ቀንበር አስቡት፣ በሬው ግን የሁለት ሺህ ፈረስ ጉልበት ሞተር ነው።

መረብ በውሃ ውስጥ ሲጎተት፣ የሚገጥመው መጎተት በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ የሚፈልገው ጉልበት ደግሞ በኩብ። ፍጥነት በትንሹ ሲጨመር ነዳጁ በብዙ ይሄዳል ማለት ነው። የኡርክ መርከቦች ለእያንዳንዱ ኪሎ ዓሣ ከአንድ ሊትር በላይ ናፍጣ የሚያቃጥሉ ሆኑ። በ2008 የነዳጅ ዋጋ ሲሰቀል ብዙ መርከበኛ ለባንክ የሚሠራ መሰለው።

መረብ ጎታች መከሰስ ሲጀምር ያኔ አይደለም። በ1376፣ በኛ አገር የሰይፈ አርዕድ ልጅ ንዋየ ማርያም በነገሠበት ዘመን፣ የእንግሊዝ ዓሣ አጥማጆች ለንጉሣቸው ለኤድዋርድ ሦስተኛ አቤቱታ አቅርበዋል። ዎንድርቾም የሚሉት አዲስ የሚጎተት መረብ መጥቷል፣ ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ትንሹንም ትልቁንም ያግዛል፣ በባሕሩ ወለል ያለውን የዓሣ መኖ ያጠፋል የሚል ነው ክሳቸው። ሞተር አልነበረም። ናፍጣ አልነበረም። መረቡን የሚጎትተው ነፋስ ነበር። ክሱ ግን ዛሬ ከሚቀርበው በምንም አይለይም።

የኡርክና የሌሎቹ የሆላንድ አጥማጆች ለነዳጁ መላ አገኙ፤ ኤሌክትሪክ። ከባዱን ሰንሰለት አውልቀው በምትኩ ቀጫጭን ገመዶች ሰቀሉ። በገመዶቹ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ምት በአሸዋው ውስጥ ያለውን ዓሣ ጡንቻ ያኮማትረዋል፤ ዓሣው ወደ ላይ ይዘላል፤ መረቡ ይቀበለዋል። ሰንሰለት የለምና መርከቡ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ነዳጁ ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ፤ የወለሉም መታረስ ቀነሰ። የአውሮፓ ኅብረት በ1998 በኤሌክትሪክ ማጥመድን ከልክሎ ነበርና፣ ከ2007 ጀምሮ ለጥቂት መርከቦች በልዩ ፈቃድ ተፈቀደ። ጥቂት የተባሉት እያደጉ ከ80 በላይ ደረሱ። ጓደኛዬ የተመኘው «ነዳጅ ቆጣቢ፣ ለአካባቢ ተስማሚ» መሣሪያ ይኸው ተገኘ።

ምን ሆነ? በጥር 2018 የአውሮፓ ፓርላማ ይታገድ ብሎ ድምፅ ሰጠ። በ2019 ሕግ ሆነ። ከሐምሌ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ቀረ። የፈረንሳይና የእንግሊዝ ትንንሽ ጀልባዎች ባለቤቶች «እነሱ ባለፉበት ባሕር ለኛ የሚተርፍ የለም» ብለው ጮኸው ነበር። በትልልቅ ኮድ ዓሦች ላይ የጀርባ አጥንት ስብራት መታየቱም ተወራ። ይሁንና የባሕር ተመራማሪዎች ምክር ቤት በ2020 ያወጣው ምክር፣ ኤሌክትሪኩ ከሰንሰለቱ ያነሰ ጉዳት ያደርሳል የሚል ነበር።

እዚህ ላይ ማን ልክ ነው? እኔ ሁለቱም ወገን ከፊል እውነት ይዟል እላለሁ። ሳይንቲስቱ አንድን መርከብ ከሌላ መርከብ ጋር አነጻጸረ፤ የተሻለውን አገኘ። የትንሽ ጀልባው ባለቤት ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ የባሕሩ ዓሣ የማን ነው፣ ለነገስ ምን ይተርፋል ይላል። አንዱ ስለ መሣሪያ ያወራል፣ ሌላው ስለ ድርሻ። በጣናም የሆነው ይኸው ነው። ባለሞተሩ ከባለታንኳው ጋር አንድ ዓሣ ይሻማል፤ ታንኳው ነዳጅ አይፈጅም፣ ወንዝ አፍ ላይ ግን እሱም ቢሆን መረብ ከዘረጋ ያው ነው። እኔ እስከገባኝ ድረስ ማጥመጃን ክፉ ወይም ደግ የሚያደርገው ሞተሩ አይደለም፤ የመረቡ ቀዳዳ ስፋት፣ የሚዘረጋበት ቦታና የሚዘረጋበት ወር ነው። ብርብራ ቀዳዳ የለውም፤ የጣት ያህሉንና የክንድ ያህሉን አይለይም። ኃጢአቱ እሱ ላይ ነው።

በኛም አገር ሕግ አለ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በመርዝና በፈንጂ ማጥመድን ይከለክላል። አዋጁን ለአጎቴ ያነበብኩላቸው ባለፈው ዕረፍት ነው። ቡና ተለቅሞ፣ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ነበር፤ እሳቸው ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው የተበላሸውን ፍሬ እየለቀሙ ሰሙኝ።

«ጋሼ፣ ብርብራ ክልክል ነው እኮ» አልኳቸው።

«ማን ከለከለ?»

«መንግሥት።»

«መረብ የሚገዛልኝስ ማነው? እሱም መንግሥት ነው?» አሉና ሳቁ። ቀጠሉ። «ቡና በረከሰበት ዓመት ልጆቼን ያበላሁት በምን ይመስልሃል? አንተ ራስህ በልተኸዋል።»

መልስ አልነበረኝም። በልቻለሁ። የኡርክና የጣናውን ነገር ከጀምሩ እስከ መጨረሻው አወራኋቸው። ኤሌክትሪኩን ስነግራቸው የእጃቸውን ሥራ አቁመው ሰሙ። በጣም ነው የገረማቸው፤ ባሕር ውስጥ ኤሌክትሪክ!

«ያው ብርብራ ነዋ» አሉ። «ከተከለከሉ ወዲህ በምን ያጠምዳሉ?»

«ብዙዎቹ ወደ ሰንሰለቱ ተመለሱ። በ2022 ነዳጁ እንደገና ሲወደድ ሥራው አላዋጣ አለ። መንግሥታቸው ገንዘብ እየከፈለ ብዙ መርከብ እንዲፈርስ አደረገ።»

«ከፈላቸው?»

«አዎ፣ ከፈላቸው።»

ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በአድናቆት ይሁን በቅናት አልለየሁትም። ቡናቸውን መልቀም ጀመሩ። ትንሽ ቆይተው፣ «ያችን ኩሬ ታስታውሳታለህ?» አሉ። «ከዝናቡ በፊት አልፌባት ነበር። የጎረቤት ልጆች መንጠቆ ይዘው ተቀምጠውባታል።»

«ያዙ?»

«ከጠዋት እስከ ቀትር አንድ ይዘው አየኋቸው። ይህችን ታክላለች» ብለው የአውራ ጣታቸውን ጫፍ አሳዩኝ። «መልሰው ጣሏት።»